ቤተሰብ ይዞ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሰንበት

እዚህ አሜሪካ ያለን ቤተሰቦች ለእረፍት ሃዋይ እንሂድ ስንባባል መጀመሪያ የምንጠያየቀው የቲኬትና የሆቴል ዋጋ ነው። ለኦዋሁ ወይም ለማዊ ይህ ይበቃ ይሆናል። ራሱ ሃዋይ ለሚባለው ለትልቁ ደሴት ግን አይበቃም። እዚያ ቀድሞ መታወቅ ያለበት የሚታደርበት ቤት በየትኛው ወገን፣ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ነው። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም አስም ያለበት ሰው ይዞ ለሚጓዝ የእረፍቱ ደስታም ድካሙም በዚህ ይወሰናል ብዬ አምናለሁ። የማውቀውን ለራሴም ለሌላውም እንዲሆን በዝርዝር አስቀምጠዋለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ደሴቱ 10,430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የቀሩት የሃዋይ ደሴቶች አንድ ላይ ቢደመሩ አያክሉትም። የተሠራው ከአምስት እሳተ ገሞራዎች ነው፦ ኮሃላ፣ ማውና ኬያ፣ ሁዋላላይ፣ ማውና ሎአና ኪላዌያ። ማውና ኬያ 4,207 ሜትር፣ ማውና ሎአ 4,169 ሜትር ስለሚደርሱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣውን እርጥብ ነፋስ ያግዱታል። ደመናው በምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በሂሎ ከተማ በኩል ይራገፋል፤ ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከተራራው ጀርባ ያለው የደቡብ ኮሃላ ዳርቻ ግን 300 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላለትም። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የኪላዌያ አፋፍ 1,200 ሜትር ላይ ስላለ፣ ባሕር ዳር 28 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 20 ገደማ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ወደ 12 ይወርዳል። ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት በቁምጣ የመጣ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍራም ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጃኬት መያዝ የግድ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ሙሉውን ሳምንት በደረቁ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው ኮና ላይ ሆቴል ይዞ ለአንድ ቀን እሳተ ገሞራውን አይቶ ሊመለስ ያቅዳል። ከኮና ኪላዌያ እስካለበት ብሔራዊ ፓርክ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ መሄጃው ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። እሳቱ የሚያምረው በጨለማ ስለሆነ መመለሻው ሌሊት ይሆናል። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው፣ ነጂው ደክሞ፣ ዝናብ እየዘነበ። ይህን ለማንም አልመክርም። የሚሻለው ቆይታውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ሦስት ሌሊት ፓርኩ አጠገብ ባለችው የቮልኬኖ መንደር ወይም 48 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሂሎ፣ የቀረው በደረቁ ወገን። በሂሎ አውሮፕላን ማረፊያ ገብቶ በኮና መውጣት ይቻላል፤ የተከራዩትን መኪና በሌላኛው ማረፊያ ለማስረከብ ስንት እንደሚያስከፍሉ ግን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

በየትኛው ይጀመር ለሚለው፣ ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ለሚመጣ ሰው መልሱ ግልጽ ነው፦ በእሳተ ገሞራው ወገን። ሃዋይ ሰዓቷን ወቅት ተከትላ ስለማትቀይር በትምህርት ቤት እረፍት ወራት ከምሥራቁ የአሜሪካ ዳርቻ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ልጆች በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነቅተው ይቀመጣሉ። ፓርኩ ደግሞ 24 ሰዓት ክፍት ነው። እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን ልጆች ጃኬት አልብሶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አፋፉ ላይ መድረስ ይቻላል። በዚያ ሰዓት የመኪና ማቆሚያ አይጠፋም፤ ላቫ ካለም በጨለማ ይታያል፤ ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን፣ በተለይ ላቫ በሚፈስባቸው ቀናት፣ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት ብቻ ረጅም ሰልፍ ይጠበቃል። መግቢያው ለአንድ የግል መኪና 30 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል፤ በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ላቫ እናያለን ብሎ ለልጆች ቃል መግባት አይገባም። ኪላዌያ በዲሴምበር 23 ቀን 2024 የጀመረው ፍንዳታ እየተነሳ እየቆመ የሚሄድ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ እሳቱ ወደ ላይ ይወረወራል፣ አንዳንዴ ከ300 ሜትር በላይ፤ ከዚያ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆማል። ምክንያቱም ከሥር ያለው ማጠራቀሚያ ቀስ እያለ ቅልጥ አለት ይሞላና መሬቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲፈነዳ ደግሞ መሬቱ ይረግባል። በ1912 የተቋቋመው የሃዋይ እሳተ ገሞራ ጥናት ጣቢያ የመሬቱን መዝመም የሚለካበትን መሣሪያ ግራፍና የቀጥታ ካሜራዎቹን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። መስመሩ ካለፈው ፍንዳታ በፊት ወደነበረበት ቦታ ሲጠጋ ቀጣዩ ተቃርቧል ማለት ነው። ልጆች ይህን ግራፍ ጠዋት ጠዋት ማየት ይወዳሉ፤ እኔም ከላቫው ባልተናነሰ የሚያስተምራቸው ይኼ ነው እላለሁ። የአፋር ልጅ ወይም ኤርታ አሌን ያየ ሰው አብሮ ካለ ደግሞ ወሬው ይደምቃል፤ ሁለቱም ቀጭን የባዛልት ላቫ እያፈሰሱ ጎናቸውን አስፍተው የተሠሩ፣ ዳገታቸው የማይከብድ እሳተ ገሞራዎች ናቸው።

ስለ ጋዙ ግን ቀልድ የለም። ከኪላዌያ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከአየርና ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ጭጋግ ይሆናል፤ የአገሩ ሰው ቮግ ይለዋል። ነፋሱ እንደተለመደው ከሰሜን ምሥራቅ ከነፈሰ ጭጋጉ ደሴቱን በደቡብ በኩል ዞሮ ኮና ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ ከእሳቱ የራቀ ሁሉ ከጋዙም ራቀ ማለት አይደለም። አስም ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቀድመው ይጎዳሉ። የአስም መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን። የተቃጠለ ክብሪት የመሰለ ሽታ ከመጣና ጉሮሮ ከከረከረ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮት መዝጋት፣ አየር ማቀዝቀዣውን የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር ማድረግና ከቦታው መሄድ ነው። ተራ የጨርቅ ወይም የሐኪም ማስክ ይህን ጋዝ አያስቀርም።

ትልቅ ፍንዳታ ባለ ቀን ከነፋሱ ጋር የሚወርድ ሌላ ነገር አለ፤ በእሳት እመቤቷ ስም የፔሌ ፀጉር የሚባለው። ቀልጦ ሳለ ነፋስ የሳበው መስታወት ነው፤ ወርቃማ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ፤ ሣር ላይና መንገድ ዳር ተጠቅልሎ ይገኛል። ሕፃን አይቶ ማንሳቱ አይቀርም። ጣት ላይ ይሰበራል፣ ዓይን ከገባም ይጎዳል። የመኪናው መስታወት ላይ ከወረደ ዋይፐር ማስነሳት መስታወቱን ይቧጭረዋል፤ መጀመሪያ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ገመድና አጥር የታጠረበትን ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። በ2018 የኪላዌያ አናት ሲደረመስ የአፋፉ አስፋልትና የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር ወደ ገደሉ ወርዷል። በዚያው ዓመት በደሴቱ ምሥራቅ ባለው የታችኛው ፑና ወረዳ ከ700 በላይ ቤቶች በላቫ ተበልተዋል። ዛሬም አፋፉ ስንጥቅ አለው፣ ከላይ በሣር ስለተሸፈነ ላይታይ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ ተይዞ ነው መሄድ ያለበት። ቦታው ለሃዋይ ተወላጆች ቅዱስ ነው፤ እኛ ጠበል ቦታ ስንደርስ ድምፃችንን እንደምንቀንስ ሁሉ እዚያም እንዲሁ መሆን አለበት። ድንጋይና አሸዋ ማንሳት በፓርኩ በሕግ የተከለከለ ነው።

ልጅ 5 ኪሎ ሜትር መራመድ ከቻለ የኪላዌያ ኢኪ መንገድ ከሁሉም ይበልጣል። ዙሩ 5.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጫካ ውስጥ 120 ሜትር ያህል ወርዶ፣ በ1959 የላቫ ሐይቅ በነበረው ወለል ላይ ተሻግሮ፣ እንደገና ይወጣል። በዚያ ፍንዳታ እሳቱ 580 ሜትር ድረስ ተወርውሯል። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ወለሉ ላይ ጥላ የለም፤ ለሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ፣ ጣት የሚሸፍን ወፍራም ጫማና ኮፍያ ያስፈልጋል። ላቫ ላይ የወደቀ ጉልበት መስታወት ላይ እንደወደቀ ነው የሚቆረጠው፤ ስለዚህ ረጅም ሱሪ ይሻላል። መንገዱ በተቆለለ ድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ልጆች እንዳያፈርሱት፣ ሌላም እንዳይሠሩ መንገር ያስፈልጋል።

ጉልበት ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ይህ አይሆንም። እነሱን ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ብቻ ወደሚርቀው እንፋሎት የሚወጣበት ቦታ መውሰድ ይቻላል። የዝናብ ውሃ ወርዶ ትኩስ ድንጋይ ሲነካ የሚመለስ እንፋሎት ነው፤ በብርድ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ናሁኩ የተባለው የላቫ ዋሻ መብራት አለው፤ ነገር ግን ደረጃና የሚያዳልጥ ኩሬ ስላለበት ምርኩዝ ለያዘ ሰው ይከብዳል። ወደ ባሕር የሚወርደው የፓርኩ መንገድ ደግሞ ለሁሉም ይሆናል፤ 30 ኪሎ ሜትር ሲሆን 1,100 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ቤንዚን፣ ምግብም ውሃም መንገዱ ላይ የለም። ታንከሩ ከግማሽ በታች ከሆነ አለመጀመር ይሻላል፤ በመውረድ ላይ ደግሞ ፍሬን እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ መንዳት ነው።

ወደ ማውና ኬያ ጫፍ ልጅ ይዞ መውጣትን አልደግፍም። ከባሕር ተነስቶ በሁለት ሰዓት 4,200 ሜትር መድረስ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያደግን ነን ማለት አያድንም፤ ሜሪላንድ ለዓመታት የኖረ ሰው ደም ለከፍታ የነበረውን ልምድ ትቶታል። 2,800 ሜትር ላይ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ለቤተሰብ ይበቃል፤ ኮከቡ ከዚያም ይታያል።

ባሕሩን በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ ነፍስ አድን ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ አለመግባት። ብዙዎቻችን ደጋ ስላደግን ዋና ሳንለምድ ነው የጎለመስነው፣ ይህንንም ለልጆቻችን አንናገርም። ሃፑና ሰፊ ነጭ አሸዋና ጠባቂ አለው፤ ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ ግን ማዕበሉ ይከፋል። ጥቁር አሸዋ ያለው ፑናሉኡ የባሕር ኤሊ ለማየት ጥሩ ነው፣ ለዋና ግን ሞገዱ ያስቸግራል። ከኤሊ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ጥቁሩ አሸዋ የቀለጠ ላቫ ባሕር ሲነካ ተሰባብሮ የሆነ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አያስቆምም። ዓሣ ለማየት የሚጠለቅበት መነጽር ሲመረጥ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አስደግፎ በአፍንጫ ወደ ውስጥ መሳብ ነው፤ ሳይያዝ ከተጣበቀ ልክ ነው፣ ከወደቀ ውሃ ያስገባል። ሹሩባ ለተሠራች ልጅ ላስቲኩ ፀጉሯን እንዳይነጭ የጨርቅ ሽፋን ያለው ይሻላል። ለፀሐይ የሚቀባውም ክሬም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይሁን፤ ኮራልን የሚጎዱት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያሉባቸውን ክሬሞች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ከ2021 ጀምሮ በሃዋይ ተከልክሏል።

ማዕድ ቤት ያለው ቤት መያዝ ገንዘብም ጾምም ያድናል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 ስለሚጀምር በእረፍቱ ላይ ይወድቃል። ደሴቱ ለጾመኛ የተመቸ ነው፦ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ዘይቱና፣ ቶፉና ሩዝ በሂሎ ገበያ ይገኛሉ። በርበሬና ሽሮ ከቤት መያዝ፤ እንጀራ ግን በሂሎ እርጥበት ቶሎ ስለሚሻግት ድርቆሽ ይሻላል። ቅጠላ ቅጠል ጥሬውን ለመብላት አንድ በአንድ ገልጦ በሚፈስ ውሃ ማጠብ የግድ ነው፤ በቀንድ አውጣ የሚተላለፍ፣ አንጎልን የሚያጠቃ ጥገኛ ትል አለ። ለልጆች ማብሰሉ ይመረጣል። በፑናና በቮልኬኖ አካባቢ ብዙ ቤቶች የጣሪያ ውሃ አጠራቅመው ስለሚጠቀሙ፣ ለመጠጥ የታሸገ ውሃ መግዛት ነው። ሌሊት ከጫካው የሚጮኸው ኮኪ የተባለ ትንሽ እንቁራሪት ነው፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው የጆሮ መድፈኛ ይያዝለት።

ቡና ለማፍላት ጀበናና ረከቦት የሚጭኑ ቤተሰቦች አሉ፤ ጥሩ ነው። ጥሬ ቡና ግን ወደ ሃዋይ ያለ ልዩ ፈቃድና ያለ ማጽጃ ሕክምና አይገባም። የቡና ዝገት በሽታ በ2020 እዚያ ተገኝቶ ገበሬውን ስለጎዳው የእኛም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቆላና የተፈጨ ይዞ መግባት ይቻላል። ኮና ላይ ቡናው ከኦገስት ጀምሮ ይለቀማል፤ ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣው አረቢካ በ1828 እዚያ የደረሰ ነው። ሲገዛ ማሸጊያው ላይ 100 በመቶ ኮና የሚል መኖሩን ማየት ነው፤ ቅልቅል የሚለው አብዛኛው የሌላ አገር ቡና ሊሆን ይችላል። ወደ ዋናው አሜሪካ ሲመለሱ ሻንጣው ሁሉ ከመሰጠቱ በፊት በግብርና መርማሪዎች መሣሪያ ያልፋል። የተቆላ ቡና፣ አናናስና ኮኮናት ያልፋሉ። ማንጎና ዘይቱና ግን ከዛፍ እንደተቀጠፉ አያልፉም፤ የቀረውን እዚያው ቁርስ ላይ መጨረስ ይሻላል።