11 ኪሎ ሳይሞላ የማይነቃ ሚዛን

50 ኪሎ የሚችል ሎድ ሴል (ክብደትን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚቀይር ሴንሰር) ከኤዲ620 (ያንን ቮልቴጅ ከሚያጎላ አምፕሊፋየር አይሲ) ጋር ገጥመው በ5 ቮልት ብቻ ካስነሱት፣ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ቢጫንበትም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሚዛን ያጣላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሎድ ሴሉ ነው፤ ተቀይሮም ያው ነው።

ሂሳቡ ይኸው። ሎድ ሴሉ 2 ሚሊቮልት በቮልት ከሆነ፣ 5 ቮልት ሲሰጠው ሙሉ ጭነት ላይ የሚያወጣው 10 ሚሊቮልት ነው። በኤዲ620 ፒን 1 እና 8 መሃል 100 ኦም ሪዚስተር ሲገባ ጌይኑ (ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ) 49,400 ለ100 ተካፍሎ፣ 1 ተደምሮበት 495 ይሆናል። 10 ሚሊቮልት በ495 ሲባዛ 4.95 ቮልት። ወረቀት ላይ አምስቱን ቮልት አሟጦ የሚጠቀም ይመስላል፤ ጉድ የሚሠራው ግን ይኸው ስስት ነው። የኤዲ620 አውትፑት በዝቅተኛ ሰፕላይ ወደ ታችኛው ሬይል ከ1.1፣ ወደ ላይኛው ከ1.2 ቮልት በላይ አይጠጋም። (ድሬ የባቡር ከተማ ናት፤ እዚህ ግን ሬይል ሐዲድ ሳይሆን የሰፕላዩ ጫፍ ነው፦ ታችኛው ግራውንድ፣ ላይኛው 5 ቮልት።) ስለዚህ ሬፈረንሱ (አውትፑቱ ባዶ ሚዛን ላይ የሚነሳበት ቮልቴጅ) ግራውንድ ላይ ከሆነ እስከ 11 ኪሎ ድረስ 1.1 ቮልት ላይ ተቸንክሮ ይቆያል፤ ላይኛው ጫፍ ደግሞ ቢበዛ 3.8 ቮልት፣ ማለትም 38 ኪሎ አካባቢ ነው።

ቢበዛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አይሲው ውስጥ ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ሁለት አምፕሊፋየሮች አሉ። የሎድ ሴሉ ሁለት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው 2.5 ቮልት ገደማ ላይ ስለሚቀመጡ፣ አንደኛው አምፕሊፋየር ከዚያ አካባቢ ተነስቶ የአውትፑቱን ግማሽ ያህል ይወጣል፣ ሌላው ያንኑ ያህል ይወርዳል። አንዳቸው ሬይል ከነኩ አውትፑቱ (ፒን 6) ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ጤነኛ ይመስላል፣ ክብደቱ ግን ውሸት ነው። ከተቸነከረ ቁጥር ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ በቴስተር አይታይም።

መፍትሔው ጌይኑን መቀነስና ታች ቦታ መስጠት ነው። 7660 አይሲና ሁለት 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ5 ቮልት ኔጌቲቭ 5 ያወጣሉ፤ የአውትፑቱ ካፓሲተር ፖዘቲቭ እግር ወደ ግራውንድ እንደሚገባ አይረሳ፣ ተገልብጦ ከገባ ያብጣል። ኔጌቲቩን ፒን 4 (የታችኛው ሰፕላይ) ላይ፣ ሬፈረንሱን (ፒን 5) ግራውንድ ላይ አድርገው በ180 ኦም ጌይኑን 275 ቢያደርሱት፣ 50 ኪሎ 2.75 ቮልት ይሆናል። ከዜሮ ይጀምራል፣ ላይም ቦታ ይተርፋል።

ኔጌቲቭ ሰፕላይ ካልተፈለገ አይኤንኤ333 የሚባለው ሌላ አምፕሊፋየር ይሻላል፦ ከሬይሉ እስከ 50 ሚሊቮልት ድረስ ይጠጋል። በ330 ኦም ጌይኑ 304 ነው፤ ሬፈረንሱ 1 ቮልት ሲሆን አውትፑቱ ከ1 እስከ 4.04 ይሄዳል። ያን 1 ቮልት በሁለት ሪዚስተር ከፍሎ በቀጥታ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ መሃል ላይ ኦፕአምፕ ባፈር (ቮልቴጁን ሳይለውጥ አጠንክሮ የሚያሳልፍ) ከሌለ ከሽቦው የሚገባው የመብራት ጩኸት አብሮ ይጎላል። አይኤንኤ333 የሚችለውም 5.5 ቮልት ብቻ ስለሆነ 12 ቮልት ያለበት ቦርድ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

12 ቮልት ያላቸው ሚዛኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፦ ቀን ደህና፣ ማታ ከባድ ጭነት ላይ አንሰው ያነባሉ። የ12 ቮልት ትራንስፎርመር በ220 ሲሠራ ከዲዮዶቹ በኋላ 15.6 ቮልት ገደማ ይደርሳል። መብራቱ 180 ላይ ሲወርድ 12.5 ብቻ ይቀራል፤ 7812 (12 ቮልት አስተካክሎ የሚያወጣው ሬጉሌተር) ደግሞ 2 ቮልት ያህል ትርፍ ስለሚፈልግ የሚያወጣው 10.5 አካባቢ ነው። ሰፕላዩ ከፍ ሲል የኤዲ620 የላይኛው ክፍተት ከ1.2 ወደ 1.4 ስለሚሰፋ፣ ከዚህ ላይ 1.4 ሲቀነስለት ጣሪያው 9.1 ነው። ሙሉ ጭነቱ 10 ቮልት ላይ የተስተካከለ ሚዛን የላይኛውን ክፍል አጣ ማለት ነው። ለዚህ ሲባል የኤዲ620 ፒን 7 (ፖዘቲቭ ሰፕላዩ) መለካት ያለበት ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ በርቶ፣ ማታ ነው።