በአንድ ወጥ የፊት አክስል ላይ መሪና ፍሬን እንዴት እንደሠራሁ

አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረው የቶዮታ ፎር ዊል ድራይቭ ፒክአፕ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ የፊት አክስሉ ከጎማ እስከ ጎማ የሚዘልቅ አንድ ወጥ ብረት ሆኖ በባሌስትራ (በተደራራቢ የብረት ሞላ) ላይ ያረፈ ነበር፤ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት አሠራር ተተካ። ኮሎራዶ ውስጥ የምነዳው የኋለኛውን በመሆኑ፣ ለድንጋያማ የተራራ መንገድ እንዲመች ከአሮጌ ፒክአፕ የወጣ አክስል ገዝቼ ቀየርኩት። ባሌስትራውን መግጠም ብዙ አያነጋግርም። ሐሳብ የሚጠይቁት መሪውና ፍሬኑ ናቸው፤ ሁለቱም ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው የብረት አጽም፣ ተነሥተው፣ ከሻንሲው ተለይቶ ወደሚወጣና ወደሚወርድ አክስል መድረስ አለባቸውና።

በመጀመሪያ የወሰንኩት በእጄ የምሠራውንና የማልሠራውን መለየት ነበር። ጎማውን የሚያዞሩትን ክንዶች ተሠርተው የሚሸጡትን ገዛሁ፤ የመሪ ክንድ አሙቆ ማጠፍም ሆነ ቆርጦ መበየድ በእኔ እምነት ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም። ለራሴ ያስቀረሁት የሻንሲውን ማጠናከሪያ ላሜራ፣ የመሪ ዘንጎቹን እና የፍሬን ቱቦዎቹን ከነመያዣቸው ነው።

በጥንቱ አሠራር የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የመሪው ሳጥን ዘንጉን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋው ስለነበረ፣ ባሌስትራው ሲተጣጠፍና አክስሉ ሲንሸራተት መሪው በነጂው እጅ ውስጥ በራሱ ይዞራል። ከ1986 ወዲህ ያለው ሳጥን ግን ክንዱን ወደ ግራና ቀኝ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ያንኑ አስቀርቼ ዘንጉን ከግራ ወደ ቀኝ ጎማ አሻገርኩት። ሻንሲው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳጥኑ በሚያርፍበት ቦታ የ6 ሚሊሜትር ላሜራ በየድኩ፤ የሳጥኑ ቡሎኖች በሚያልፉበት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥም ወፍራም ቧንቧ አሳልፌ ሁለቱን ጫፎቹን በየድኩ። ቧንቧው ከሌለ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ሻንሲውን ይጨፈልቀዋል፤ ሻንሲው በተጨፈለቀ ቁጥር ደግሞ ቡሎኑ ይላላል።

ለዘንጎቹ የውጭ ስፋቱ 32፣ የግድግዳው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቱቦ መረጥኩ። ቶርኖ ላይ አንዱን ጫፍ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጥርስ በማውጣቴ ዘንጉ ሳይፈታ ይረዝማል፣ ያጥራል። ቱቦዎቹን የቆረጥኩት ግን ሞተሩና ሌላው ክብደት ሁሉ በባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ ባዶ ሻንሲ ላይ የተወሰደ ልኬት የትም አያደርስም። ቀጥሎ አንዱን ጎማ በክሪክ እስከ መጨረሻው አንሥቼ መሪውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በማዞር ዘንጉ ባሌስትራውን እንደማይነካ አረጋገጥኩ። ተሻጋሪው ዘንግ በተቻለ መጠን አግድም መሆን አለበት፤ ካዘመመ አክስሉ በተነሣ ቁጥር ጎማውን ይጎትታል።

አዲሶቹ ክንዶች ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት የላይኛው ኩሽኔታ መክደኛም ስለሆኑ ከሥራቸው የሚገባውን ስስ ሮንዴላ መለካት ግዴታ ነው። ጎማው ከመገጠሙ በፊት ክንዱን በሞላ ሚዛን ስቤ፣ ለመዞር ከ3 እስከ 6 ኪሎግራም እስኪጠይቅ ድረስ አስተካከልኩት።

የፍሬኑን ጠንካራ መስመር የሠራሁት ከ4.75 ሚሊሜትር የመዳብና የኒኬል ቱቦ ሲሆን፣ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈውን የጫፎቹን ከንፈር ሁለት ጊዜ አጠፍኩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ከንፈር የፍሬን ግፊት ሲበረታበት ይሰነጠቃል። ተጣጣፊውን የጎማ ቱቦ ርዝመት የለካሁት አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎና ጎማው እስከ መጨረሻው ዞሮ ሳለ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የኋላውን የጭነት ቫልቭ ነው። ይህ ቫልቭ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይወስናል፤ መኪናው ከፍ ሲል ጭነት እንደሌለው ቆጥሮ ግፊቱን ይቀንሳል። ቫልቩን ከኋላው አክስል ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ መያዣ የመኪናው ኋላ ከፍ ባለበት ልክ አንሥቼ በየድኩትና የቀድሞ አንግሉን መለስኩለት፤ ይህን የማያደርግ ሰው የፊት ፍሬኑን ቢያሳድግም መኪናው ሲቆም አፍንጫውን ይደፋል እንጂ የኋላው አይረዳውም።

ወደ መንገድ ከመውጣቴ በፊት ሞተሩን አስነሥቼ ፔዳሉን በኃይል ረግጬ ይዤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አስፈተሽኩ። የሻንሲውን ብየዳ የቀባሁት ስስና ነጣ ያለ ቀለም ነው፤ ስንጥቅ ቢጀምር ዝገቱ ፈጥኖ ይታያል።