ጠገራ ብር ኦሪጅናል ይሁን ፎርጅድ እንዴት እንደምለይ

ሰው ጠገራ ብር ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ላዩ ላይ ያለችውን ሴትዮ፣ የኦስትሪያዋን ንግስት የማርያ ትሬዛን ፊት ነው፣ "እስቲ እያት እንዴት እንደምታምር" እያለ። እኔ ፊቷን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ፎርጅድ የሚሰራውም ሰውዬ እኮ ገዢ ፊት ፊቱን እንደሚያይ ያውቃል፣ ድካሙን ሁሉ እዛው ላይ ያፈስና ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይሰለቸዋል።

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ ከዲሲ ለእረፍት መጥታ ለቤተሰብ ስጦታ ብላ ጥቂት ማርያ ትሬዛና አንድ የምኒልክ ብር ገዝታ "ከመሄዴ በፊት እይልኝ" አለችኝ። ሻጩ "የ1780 ነው፣ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኖታል" ብሏታል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ግልፅ ላድርግ፣ ማርያ ትሬዛ ላይ 1780 መፃፉ ስለ እድሜው ምንም አይነግራችሁም። ንግስቲቱ የሞተችው በዛው ዓመት ህዳር ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ የወጣው ሁሉ ዓመተ ምህረቱ ሳይቀየር ነው የተመታው፣ ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር መትተውታል። ሙሶሊኒ በፈረንጆቹ 1935 ሮም ውስጥ ያስመታው ለምን እንደነበር ለእኛ አይነገረንም። ቪየና አሁንም ትመታለች። ስለዚህ ሪስትራይክ፣ ማለትም በድሮው ዓመት በኋላ እንደገና የተመታ ሳንቲም፣ ፎርጅድ ማለት አይደለም፣ ብሩም ክብደቱም ትክክል ነው፣ ችግሩ አዲሱን አጥቁሮ "የአያቶቻችን ዘመን" ብሎ በእጥፍ የሚሸጠው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ከፎርጅዱ ይልቅ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ወደ ስራው ስገባ መጀመሪያ ሚዛን። ኪሎ የሚመዝነው የወጥ ቤት ሚዛን አይሆንም፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ናት የምትፈለገው፣ ብዙም ውድ አይደለችም። ማርያ ትሬዛ 28.07 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፣ የብሩ ንጥረት ከሺህ 833 ነው፣ የቀረው መዳብ ነው። የምኒልክ አንድ ብርም ሆን ተብሎ ከሱ ጋር እንዲስተካከል ስለተሰራ 28.075 ግራም ነው፣ ንጥረቱ 835። ብዙ እጅ የዞረ ጠገራ ትንሽ ግራም ቢያጣ አይገርምም፣ የእኛ አገር ጠገራ ደግሞ አንገት ላይ ሲንጠለጠል የኖረ ስለሆነ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የተነቀለ ብዙ አለ፣ የብየዳው ትርፍ ክብደት ይጨምራል። ግን ምንም ያልተበላ የሚመስል ሳንቲም 24 ወይም 25 ግራም ካለ በቃ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ጓደኛዬ ከገዛቻቸው መሀል አንዱ እዚሁ ጋ ወደቀ።

ከዛ ጠርዝ። የማርያ ትሬዛ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን በላቲን "ኢዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ" የሚል ፅሁፍ አለ፣ ፍትህና ምህረት ማለት ነው፣ በቃላቶቹ መሀልም ጌጥ ጌጥ ነገር አለ። ዋናው ነገር ፊደሎቹ ወደ ውጪ የወጡ መሆናቸው ነው፣ ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ይቆረቁራል። በሻጋታ የፈሰሰ ፎርጅድ ላይ ፊደሎቹ ሟሙተው እንደ ሳሙና ልስልስ ይላሉ፣ ወይ ወደ ውስጥ ተቆፍረው ይገኛሉ፣ ወይ ጭራሽ የሉም። ሌላው ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ነው፣ ሰሪው በሞረድ ያጠፋዋል ግን የሞረዱ ጭረት ይቀራል፣ በ10 እጥፍ አጉሊ መነፅር፣ ያው ወርቅ ሰሪዎች አይናቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት፣ ሳንቲሙን ቀስ እያደረጋችሁ ብታዞሩት ታገኙታላችሁ። አንዱ ላይ ያየሁት እንደዛ ነበር፣ ፊቱ ላይ አንድም ጭረት የለም፣ ጠርዙ ግን በአንድ በኩል ብቻ በጥቃቅን ትይዩ መስመሮች ተፍቋል። እውነተኛ ሳንቲም እጅ ሲዞር ሁሉም ቦታ ነው የሚበላው እንጂ አንድ ጎኑ ተመርጦ አይፋቅም።

ማግኔት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፣ ከተጣበቀ ብረት አለው አለቀ። ካልተጣበቀ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም ነሐስም እርሳስም አይጣበቁም። ጠንካራዋን የኒዮዲሚየም ማግኔት ሳንቲሙን ዘንበል አድርጋችሁ ላዩ ላይ ብትለቋት ብር ላይ እየተጎተተች ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ መዳብ ላይም ቀስ ትላለች ስለዚህ ብር የተነከረ መዳብ በዚህ ያልፋችኋል። ድሮ ነጋዴዎቹ ድንጋይ ላይ እያንቃጨሉ በድምፁ ነበር የሚለዩት፣ ጆሮ ላለው ጥሩ ነው፣ ብየዳ የነካው ወይም የተሰነጠቀ ግን ኦሪጅናልም ሆኖ ይደፈናል።

እኔን የሚያሳምነኝ ውሃው ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኗ ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ ታደርጓታላችሁ፣ ከዛ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትነክሩታላችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ እጃችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው። ሚዛኗ ላይ የሚመጣው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት ለዛ ቁጥር ስታካፍሉ እፍጋቱን ታገኛላችሁ። 833 ንጥረት ያለው ብር 10.2 አካባቢ ይሰጣል፣ ማለት 28.07 ግራም የሆነ ጠገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ 2.75 ገደማ ያነባል። ኒኬል የተቀላቀለበት መዳብ ከሆነ 3.15፣ ነሐስ ከሆነ 3.3 አካባቢ፣ እርሳስ የበዛበት ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። ሰሪው ክብደቱን ለማስተካከል ሳንቲሙን ሊያወፍረው ይችላል፣ ግን ያን ጊዜ ውሃው ያጋልጠዋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስተካከል እውነተኛ ብር ላልተጠቀመ ሰው በጣም ከባድ ነው። ፊቱ ላይ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ፣ አንዲት አረፋ ንባቡን ታዛባለች፣ እኔ ጠብታ የእቃ ሳሙና ውሃው ላይ እጨምራለሁ። ያ ጠርዙ የተፋቀው ሳንቲም ደረቁ 28 ግራም ነበር፣ ውሃ ውስጥ ግን 3.1 አለ። ንክር ነው።

ፊቷን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ከታች ኤስ ኤፍ የሚሉት ፊደላት አሉ፣ ጀርመን ውስጥ ጉንዝቡርግ በነበረው ሳንቲም ማተሚያ ቤት ሹም የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻ ናቸው፣ በጀርባው ከ1780 ቀጥሎ ትንሽ የኤክስ ምልክት አለች። ድሮ የኛ ሰው ዘውዷ ላይ ያሉት እንቁዎች ጥርት ብለው ካልታዩ አልቀበልም ይል ነበር፣ እውነቱንም ነው፣ በሻጋታ የፈሰሰው ላይ መጀመሪያ የሚደበዝዙት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ሌላው ጥሩ ማስረጃ መንታ ጭረት ነው፣ ሁለት ሳንቲም ላይ ያው ጭረት በያው ቦታ ካያችሁ ከአንድ እናት ሻጋታ ወጥተዋል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ብዙ ከገዛችሁ ጎን ለጎን ደርድራችሁ እዩዋቸው። እድፉንም አትርሱ፣ በአገልግሎት የጠቆረ ብር ጉንጯና ትከሻዋ ላይ ተበልቶ ያበራል፣ ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በኬሚካል የጠቆረው ግን ጉብታውም ጎድጓዳውም እኩል ጠቁሮ ይገኛል። ደግሞ እባካችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፣ ለሰብሳቢ ዋጋው እዛው ነው የሚሞተው።

የምኒልኩ ላይ እኛ ትልቅ ጥቅም አለን፣ ፊደሉን እናነባለን። ውጭ አገር የተሰሩት ፎርጅዶች ላይ ፊደሉ ስዕል ነው የሚሆነው፣ የ"ዘ" እግር ይጠማዘዛል፣ የግዕዙ ቁጥር ይበላሻል። ፲፰፻፹፯ን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንድ በአንድ አንብቡት፣ "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለውንም እንዲሁ። አንበሳው ግን አያሳስታችሁ፣ የግራ እግሩን ያነሳም የቀኝ እግሩን ያነሳም ኦሪጅናል አለ፣ በዚህ ብቻ "ፎርጅድ ነው" ብለው ደህናውን ሳንቲም የሚያጣጥሉ አሉ። የጓደኛዬ ምኒልክ በሁሉም አለፈ፣ ፓሪስ የተመታ እውነተኛ ብር ነው፣ እንዲያውም ከሁሉም በርካሽ የሸጠላት እሱን ነበር።

የብሩን ንጥረት በጨረር የሚለካ ማሽን ያለው ወርቅ ቤት ካገኛችሁ ማስለካት ጥሩ ነው፣ ግን ጨረሩ የሚያነበው ላይ ላዩን ስለሆነ ወፍራም ንክር ሊያልፈው ይችላል፣ ከውሃው ጋር አንድ ላይ ተጠቀሙበት። አሲድ እናንጠብጥበት ካሉ እምቢ በሉ፣ ምልክቱ አይጠፋም።

ዋጋ ላይ ደግሞ አንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ንፁህ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው፣ የቀኑን የብር ዋጋ በዚህ አባዙት፣ ሻጩ ከዛ በጣም ዝቅ ካለ ተጠራጠሩ፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ምን አይቶ እንደሆነ ጠይቁት። ከአገር ለሚያወጣ ሰው የቅርስ ፈቃድ ነገር ስላለ ቀድሞ ማጣራት ነው፣ ለጓደኛዬም ያልኳት ይሄንኑ ነው። አሁን ለመግዛት ስሄድ ሚዛኗ፣ ክሩና አጉሊ መነፅሩ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው፣ "ከመክፈሌ በፊት ልመዝነው፣ ውሃም ውስጥ ላስገባው" እላለሁ፣ ደህና ነጋዴ ራሱ ብርጭቆውን ያቀርብልኛል፣ "ምን፣ አላመንከኝም እንዴ?" ብሎ የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ አመስግኜ እወጣለሁ።