ፀሐይን ፍለጋ፦ የኢንተርንሺፕ ወራቴ

ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ስንማር አንድ ሴሚስተር ክፍል የለም፤ ሥራ ቦታ ነው የምንውለው። ትምህርት ክፍሉ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። ቦታውን መፈለግ የተማሪው ጣጣ ነው። እኔም ደብዳቤዬን ይዤ የቦሌንና የመገናኛን ሕንፃዎች ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። «እንደውልልሻለን» የሚል መልስ በሽ ነው። የሚደውል ግን የለም።

በሩን የከፈተልኝ ጊትሃብ ላይ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ነው) ያስቀመጥኳት ትንሽ ፕሮጀክት ናት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ትቀይራለች፣ በቃ። አንድ ድርጅት ውስጥ ያነጋገረኝ ኃላፊ ስልኩ ላይ ከፈታትና «የ2015 ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?» አለኝ። ስድስት አልኩት። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም ስድስት ትሆናለች። «ሰኞ ነይ» አለኝ። ስለ ውጤቴ የጠየቀኝ ነገር የለም። ቦታ የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ ምክሬ ይኸው ነው፤ ሲቪያችሁን ከማስረዘም አንድ የሚሠራ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ክፍያው? የታክሲ ናት። እሷም አንዳንዴ ትዘገያለች።

ድርጅቱ ለክሊኒኮች የካርድ ክፍልና የሒሳብ ሲስተም ይሠራል። ኮዱ ላራቬል በሚባል የዌብ መሥሪያ የተጻፈ ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ደግሞ ማይኤስኪውኤል። መጀመሪያ አካባቢ ሥራዬ ማንበብ ብቻ ነበር። ግቢ ውስጥ ሁሌም ከባዶ ፋይል ነው የምንጀምረው። እዚህ ግን ብዙ ሰው የተፈራረቀበት፣ ግማሹ ጸሐፊ ሥራ የለቀቀበት ኮድ ጠበቀኝ። ያዳነኝ ጊት፣ ኮዱ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ፕሮግራም ነው። ያልገባኝን መስመር ማን፣ መቼ፣ ከየትኞቹ ፋይሎች ጋር እንደነካው የቆዩ ኮሚቶችን (የተመዘገቡ ለውጦችን) እየከፈትኩ አያለሁ። መልእክቱ ላይ «ፊክስ» ብቻ ብሎ ያለፈውን ሰው ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ከዚያ ከደንበኞች ድጋፍ ክፍል ልጅ ጋር ወደ አንድ ክሊኒክ ተላክሁ። ካርድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩት እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ባለፈው ወር እዚሁ ታክማለች። ሲስተማችሁ አላውቃትም ይላል» አሉኝ። ታካሚዋ ፀሐይ ትባላለች። ያኔ የመዘገባት ሰው «ጸሀይ» ብሎ ጽፏል።

ነገሩን ወረቀት ላይ አወጣሁት። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ነው። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አንዲት ፀሐይ በ12 ዓይነት መንገድ ትጻፋለች ማለት ነው። ለእኛ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን 12 የተለያዩ ሰዎች። ስሙ ሲጠፋ ደግሞ ካርድ ክፍሉ አዲስ ካርድ ያወጣል። ሐኪሙ የቀድሞውን የላብራቶሪ ውጤት አያይም፤ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማትም አያውቅም። ስመለስ ይህን ሥራ ስጡኝ አልኩ። ማንም አልተሻማኝም፤ ሁሉም የሚሻማው አዲሱን የሞባይል አፕ ነበር።

የዩኒኮድ ሠንጠረዥን፣ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበትን፣ ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። የኢትዮጵያ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ደስ የሚለው፣ አቀማመጡ የፊደል ገበታውን ዘር ይከተላል፤ እያንዳንዱ ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሐ ከሀ በ16 ቦታ ይርቃል፣ ኀ ከሀ በ128፣ ሰ ከሠ በ16፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8። ርቀቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አይለወጥም። ረጅም የፊደል ዝርዝር መጻፍ ሳያስፈልግ መደመርና መቀነስ በቂ ነው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ብቻ ይቀራል።

ክርክር የተነሣው የተስተካከለው ስም የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። አንድ ባልደረባችን የተመዘገቡትን ስሞች በሙሉ በአንድ አጻጻፍ እንቀይራቸው አለ። ለኮዱ ይቀላል፣ እውነት ነው። እኔ አልተስማማሁም። የሕክምና ማስረጃው ላይ የሚታተመው ይኸው ስም ነው፤ መታወቂያዋ «ፀሐይ» እያለ ማስረጃው «ጸሀይ» ካለ ሴትዮዋ ስንት ቢሮ ልትመላለስ ነው? ሲኒየራችን ከእኔ ጋር ሆነ። ስሙ እንደተጻፈ ይቆያል፤ ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም (ዓምድ) ጨመርን፣ ፍለጋው እንዲፈጥን ኢንዴክስም አደረግንለት። ሰው ሲፈልግ የሚጽፈውም በዚያው መንገድ ተቀይሮ ይነጻጸራል። የቆዩትን መዝገቦች ክሊኒኩ በሌሊት ሲያርፍ በጥቂት በጥቂቱ ቀየርናቸው።

አሁን ደግሞ ፍለጋው ብዙ ፀሐዮችን ያመጣ ጀመር። ስለዚህ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜና ስልክ አብሮ እንዲወጣ አደረግን። የምትፈለገዋን የምትመርጠው ማሽኗ ሳትሆን እትዬ ናቸው። ይህን ሐሳብ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ እኔ ስልክ ቁጥሩን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ካርድ ክፍል ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ማየት የአንድ ሳምንት ስብሰባን ያስንቃል።

ስለ ሎግቡክ፣ የዕለት ሥራችንን ስለምንመዘግብበት ደብተር፣ አንድ ነገር ልበል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየዕለቱ ጻፉት፣ በየሳምንቱም አስፈርሙት። መጨረሻ ላይ ኃላፊያችሁ ፊልድ ወጥቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የሪፖርት ቀን ደርሶ የአራት ወር ትዝታ ከመፈብረክ ይሻላል።

ፕረዘንቴሽን ላይ አንዱ መምህር «ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተመዘገበስ?» ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ቲ የሚያስቀድም አለ፣ የሚተው አለ፤ ኤ የሚያበዛ አለ፣ ዋይን በአይ የሚተካም አለ። ለዚያኛው መደመርና መቀነስ አይሠራም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ እሱው ሆኗል።