መስኮት ዳር ያለችው ብልቃጥ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ዓይኔ መስኮት ዳር ባለችው ብልቃጥ ላይ ዐረፈ። ሰኞ ዕለት ከዝዋይ ሐይቅ የቀዳሁት ውኃ ነው። ሌሎቹ ብልቃጦች በውስጣቸው ያለው እንዳይበላሽ አዮዲን ተጨምሮባቸው የሻይ መልክ እንደያዙ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል፤ ይህችን ግን ምንም ሳልጨምርባት ትቻት ነበር። አሁን ውኃው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። ከላይ እንደ ቀለም የረጋ አረንጓዴ፣ መሐል ላይ ጠራ ያለ ውኃ፣ ከሥር ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ይታያል።

ከላይ የወጣው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። በየሴሉ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስላሉት ውኃው ጸጥ ሲል ወደ ብርሃኑ ይንሳፈፋል። ብልቃጡን እስከ አፉ ሞልቶ በቡሽ በመክደን ቡሹን በመዶሻ ቢመቱት ከረጢቶቹ በግፊቱ ይጨፈለቁና አረንጓዴው ይሰጥማል። ከሥር ከተኙት መካከል ያሉት ዳያተሞች የሚባሉት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ግን ሰውነታቸው መስታወት በሚሠራበት ማዕድን፣ በሲሊካ፣ የተሸፈነ በመሆኑ ከባዶች ናቸው፤ ካልተናወጡ በቀር ወደ ላይ የሚመለሱበት መንገድ የላቸውም።

የዋቅላሚ ተመራማሪው ኮሊን ሬይኖልድስና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡትን አመዳደብ የምወደው ለዚህ ነው። ዋቅላሚዎቹን በዘር ሐረጋቸው ሳይሆን በአኗኗራቸው ይመድባቸዋል፦ ማን ጥላ ይችላል፣ ማን መናወጥ ይፈልጋል፣ ማን በረጋ ውኃ ያይላል። ለየምድቡም የላቲን ፊደል ሰጥተውታል፤ ማይክሮሲስቲስ ኤም ሲሆን፣ እንደ አውላኮሴራ ያሉት የሰንሰለት ዳያተሞች ደግሞ ፒ ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ ሐይቁን ለማወቅ የጥልቀቱን ልክ ብቻ አንጠይቅም፤ ማን እንደሚኖርበት አይተን ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚያኖር እንረዳለን። በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅ ሶዳው ስለበረታ ጥቂቶች ብቻ ይችሉታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መስኩን የሚሞላው እንደ ሞላ የተጠመዘዘው ስፓይሩሊና የተባለው ዋቅላሚ ነው፣ ፍላሚንጎውም የሚመጣው እርሱን ብሎ ነው። ላንጋኖ በአንጻሩ አፈር ተንሳፎበት ቡናማ ስለሆነ ብርሃኑ ገና ከላይ ይታገዳል፤ በውስጡም የሚገኘው ዋቅላሚ ጥቂት ነው። ሁለቱም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፣ ነዋሪዎቻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

እያንዳንዱን ሐይቅ በአንድ ፊደል በምመዘግብበት ሠንጠረዥ ላይ የሚያስቸግረኝ ዝዋይ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ ከተነሣ እስከ ወለሉ ድረስ ይናወጣል። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ውኃው እንደ መስታወት ነበር፤ የውኃው ጥራት የሚለካበትን ነጭ ሳህን በገመድ ሳወርደው ክንዴን ያህል ሳይወርድ ጠፋ። በጀልባው ጎን የተጠጋጋው አረንጓዴ እንደ ተፈተገ ቅጠል ብጥስጥስ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። ጀልባ ነጂው፣ ጋሼ፣ «ልጄ፣ ነፋሱ ሳይነሣ እንመለስ» አሉኝና ተመለስን። ከቀትር በኋላ ግን ጭራሽ ሌላ ሐይቅ ሆኖ ቆየን፤ አረንጓዴው የትም የለም፣ ውኃው ግራጫ ሆኗል፣ ከባዶቹ ዳያተሞች ከሥር ተነሥተው ከጭቃው ጋር ይዋኛሉ። ከጠዋቱ ውኃ ብቻ ብቆጥር ኤም እለዋለሁ። ከሰዓቱን ብቆጥር ግን የፒ ድርሻ ከፍ ይላል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጨነቅኩ ነበር። አንዳንዱ ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፤ ነፋስ ሲገፋው ደግሞ የሚከማቸው ከብት በሚጠጣበትና ሴቶቹ እንስራ በሚሞሉበት ዳር ላይ ነው። የሐይቁ መሐል የቀን አማካይ የሚነግረኝ ነገር፣ በዚያች አንዲት ማለዳ በዚያ ዳር ለቀዳ ሰው ምን ይረዳዋል?

ሬይኖልድስና ባልደረቦቹ ለኤም ያስቀመጡት መኖሪያ ራሱ በየቀኑ የሚናወጥና የሚረጋ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት ተቃራኒ ሳይሆኑ የአንዱ ፊደል ሁለት ገጽታዎች ሊሆኑ ይችላሉ ብዬ አሰብኩ። ግን ዳያተሞቹስ? እነርሱም በዚያው ቀን፣ በዚያው ውኃ ውስጥ ብርሃን አግኝተው አድገዋል፤ በእንግድነት የመጡ አይደሉም። እንዳይቆጠሩ ላደርጋቸው አልችልም።

ብልቃጧን አንስቼ ቀስ ብዬ ገለበጥኳት። አረንጓዴው ተበትኖ ወረደ፣ ቡናማው ጢሱን እያስነሣ ወጣ፣ ሁሉም ተቀላቀለ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴው እንደገና በቀጭኑ ማኮብኮብ ጀመረ። በሠንጠረዡ ላይ ለዝዋይ የተተወው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነው። የጠዋቱን ልጻፍ ወይስ የከሰዓቱን?