ግማሽና ሲሶ በባለ ካሬ ደብተር

የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ላይ ስንደርስ ከብዙ ደብተር የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ተደምሮ ማለት ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ማድረግ ለልጁ ምንም አይነግረውም። እኔ "ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምረን ከግማሽ ሊያንስ ይችላል?" ብዬ እጠይቃለሁ። የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ስለሆነ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ይህን ሲያዩ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ሥዕል የምጀምረውም ያኔ ነው።

ብዙ መምህራን ክብ ይስላሉ። ክብ ለግማሽና ለሩብ ደህና ነው። በእጅ ሦስት ወይም አምስት እኩል ቦታ መክፈል ግን ለአዋቂም ያስቸግራል፤ ቁራጮቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ትምህርቱ ገና ሳይጀመር ተበላሸ።

ስለዚህ ባለ ካሬ ደብተር አስወጣቸዋለሁ። ቁመቱ 2፣ ወርዱ 3 ካሬ የሆነ ሬክታንግል ይስላሉ። ውስጡ 6 ካሬ አለ። አንዱ ረድፍ ግማሽ ነው፣ 3 ካሬ። አንዱ አምድ ሲሶ ነው፣ 2 ካሬ። ድምሩ 5/6። የጋራ ታህቱን ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ቆጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ረድፉንም አምዱንም በአንድ ሬክታንግል ላይ ካጠቆሩ አንዷ ካሬ ሁለቱም ውስጥ ትገባለች፤ ልጁ ሲቆጥር 4 ብቻ ያገኛል። ስለዚህ እኩል የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች ጎን ለጎን ይሳሉ፤ አንዱ ለግማሹ፣ ሌላው ለሲሶው። (ያቺ የተደራረበች ካሬ የ1/2 እና የ1/3 ብዜት ናት። ማባዛት ስንደርስ ተመልሰን እንፈልጋታለን።)

መልሱን በሰዓት ማረጋገጥም ደስ ይላቸዋል። ግማሽ ሰዓት 30 ደቂቃ፣ ሲሶው 20፤ ድምሩ 50 ደቂቃ፣ ከ60 ስናየው 5/6።

ከዚያ 3/4 + 2/3 እሰጣቸዋለሁ። ሬክታንግሉ 3 በ4፣ 12 ካሬ ነው። 9 ካሬና 8 ካሬ፣ በጠቅላላ 17። "ቲቸር፣ አልበቃ አለ!" ይላሉ። አንዱን ሬክታንግል ሞልተው 5 ካሬ ወደ ሌላው ያሻግራሉ፦ 1 ሙሉ ከ5/12።

በ1/4 + 1/6 ግን 4 በ6 ሲስሉ 24 ካሬ ይወጣና መልሱ 10/24 ይሆናል። አንዲት ተማሪ ካሬዎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ከበበችና "12 ይበቃ ነበር እኮ" አለች። ትንሹን የጋራ ብዜት ያስተማርኩት ከእሷ ደብተር ላይ ነው።