የስቲቪ ሬይ ቮን ወፍራም ክሮች

ዛሬ አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮንን ስሰማ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1982 በስዊዘርላንዱ የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ከታዳሚው የተቃውሞ ጩኸት የገጠመው የዳላስ ልጅ! እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ግን እዚያው ሰምቶት ለአልበሙ ጠራው። በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት ገና 35 ዓመቱ ነበር።

ያን ድምፅ ለምትፈልጉ ጊታሪስቶች፦ ቀጭኑ ክሩ 0.013 ኢንች ነበር፤ ብዙዎቻችን 0.009 ወይም 0.010 ነው የምንጠቀመው። ግን ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቃኘው። ቅኝቱን ሳትቀንሱ ክሩን ብቻ ካወፈራችሁ ውጥረቱ አንገቱን ያጎብጠዋል፣ ብሪጁም (ክሮቹ የሚያርፉበት ክፍል) ይነሳል። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት በሩብ ዙር እያጠበቃችሁ አስተካክሉ፤ ጊታሩ የፌንደር ስትራቶካስተር ሞዴል ከሆነ ብሪጁን ከኋላ የሚይዙትን ስፕሪንጎች 5 አድርሱ። ስቲቪ ራሱ የተላጠ ጣቱን በሱፐር ግሉ ይለጥፍ ነበር (አትሞክሩት!)። ለእኔ 0.011 ከበቂ በላይ ነው፤ ዋናው ጉልበት ያለው ከቀኝ እጁ አመታት ላይ ነው።